ሳይቆረጥ የሚጀምር የሜሎን ሕክምና

ለሩቅ ገበያ የሚሄድ ሜሎን ከሐረጉ የሚለየው በቁስል ነው። ለቃሚው ዘንጉን ሲቆርጥ የመጀመሪያው ቁስል ይከፈታል፤ የቀሩት መንገድ ላይ ይጠብቁታል። ፍሬው ከቅርጫት ወደ ጋሪ ሲገለበጥ፣ አንዱ የሌላውን ልጣጭ ሲፍቅ፣ መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ፣ የሣጥኑ ጠርዝ ጎኑን ሲወጋው ዓይን የማያያቸው ጭረቶችና ስንጥቆች ይበዛሉ። ለሻጋታ ደግሞ ጠባብ በር ይበቃዋል። ብዙውን ጊዜ ሜሎን መበስበስ የሚጀምረው ከዘንጉ ዙሪያ ወይም ከተላላጠው ጎኑ መሆኑን ፍራፍሬ የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህ ችግር የተለመደው መልስ ከለቀማ በኋላ የሚሰጥ ነው፤ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ውስጥ መንከር፣ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ማቀዝቀዝ። ካለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ አሳብ ጎልብቷል። ፍሬው ገና ሐረጉ ላይ እያለ ተክሉ ቢረጭ፣ የሚረጨውም ነገር ሻጋታውን የሚገድል ሳይሆን የፍሬውን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅስ ቢሆን፣ ፍሬው በኋላ የሚደርስበትን ቁስል ቶሎ ይደፍናል፤ ውኃው በከንቱ አይተንም፤ የመቆያ ዕድሜውም ይረዝማል። በሜሎን ላይ ይህን አሳብ በብርቱ ከገፉት ወገኖች ግንባር ቀደሞቹ በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በላንጆ ከተማ የሚገኘው የጋንሱ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። አሳቡ በመሠረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ርጭቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ በሚቀጥለው ወቅት ማሳ ሊገቡ የሚችሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከቤተ ሙከራ ባይወጡ ይሻላል። ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ግን ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ያወድሳል።

ሜሎን ቁስሉን ማዳን የሚችል ፍሬ መሆኑን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያሻም። ካንታሎፕ በሚባለው ዓይነት ልጣጭ ላይ የሚታየው ግራጫ መረብ ራሱ የዳነ ቁስል ነው። አበባው ከፈካ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ገደማ ውስጡ ያለው ሥጋ ማበጡን ሲቀጥል የላዩ ልጣጭ ዕድገት ግን ይገታል። ልጣጩ ይወጠራል፤ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሥር ያሉት ሕዋሳት እንደገና መከፋፈል ይጀምሩና ውኃ የማያሳልፍ የቡሽ ግድግዳ ይሠራሉ። ግድግዳው ከስንጥቁ አልፎ ወደ ላይ ያብጣል፤ መስመሮቹም ተገናኝተው መረብ ይሆናሉ። ገዢ በገበያ የሚያደንቀው መልክ እንግዲህ ፍሬው ማሳ ላይ ሳለ ራሱን በሺህ ቦታ እየሰፋ የኖረበት ጠባሳ ነው። ጥያቄው ይህ ችሎታ ከለቀማ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ከተቆረጠ በኋላም አይጠፋም፤ ይዘገያል እንጂ። ፍሬው እየበሰለና እያረጀ በሄደ ቁጥር የመጠገን ፍጥነቱ ይወርዳል፤ የሻጋታው ፍጥነት ግን አይወርድም።

እዚህ ላይ ከድንች ጋር ያለው ልዩነት ነገሩን ያጠራዋል። ቁስልን ስለሚደፍነው ሱበሪን ስለተባለው ቁስ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተጠናው በድንች ላይ ነው። የተለቀመ ድንች ቀዝቃዛ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ለብ ባለና እርጥበት ባልተለየው ቦታ አንድና ሁለት ሳምንት ቢቆይ ቁስሉ ጠግጎ ለወራት ይቀመጣል። ድንች ይህን ጊዜ ይችላል፤ ሜሎን አይችልም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ምክር መሠረት ካንታሎፕ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ተይዞ እንኳ የሚቆየው ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ከዚያ ላይ ለማዳኛ ብሎ ሁለት ሳምንት ከሙቀት ጋር ማቆየት ፍሬውን ለሻጋታ ማስረከብ ይሆናል። ስለዚህ የሜሎን ፈውስ በሰዓታትና በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ፍሬው ሲቆረጥ ዝግጁ ሆኖ መገኘት ይኖርበታል። የቅድመ ለቀማ ርጭት አሳብ ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ሕዋስ ሲቀደድ አጎራባቾቹ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ። ይህ በአንድ በኩል ወራሪን የሚያቃጥል፣ በሌላ በኩል ምልክት የሚያስተላልፍ ነገር ነው። በምልክቱ የሚነቁት ኢንዛይሞች ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ እየለወጡ ፌኖላዊ አሲዶችን ያመርታሉ፤ የመጀመሪያውና ዋናው ኢንዛይም ተመራማሪዎቹ በምኅጻሩ ፓል የሚሉት ነው። እነዚህ አሲዶች በፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም አማካይነት እርስ በርስ ተጋምደው ሊግኒንና የሱበሪኑን አንዱን ክፍል ይሠራሉ። ሌላው የሱበሪን ክፍል ከቅባት አሲዶች የሚሠራው ሰም መሰል ንጣፍ ነው፤ ውኃ እንዳይተን የሚከለክለው በዋናነት እርሱ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በቁስሉ ሥር ባሉ ሕዋሳት ግድግዳ ላይ ሲጋገሩ ቁስሉ ተዘጋ ይባላል። ተመራማሪ ይህን የሚለካው በሁለት መንገድ ነው፤ የቆሰለውን ቦታ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ የንጣፉን ውፍረት በማየት፣ እንዲሁም በየቀኑ ፍሬው የቀነሰውን ክብደትና ሻጋታ ሲነካው የሚታመመውን መጠን በመመዝገብ። ለነጋዴው ትርጉም ያለው ሁለተኛው ነው። አንደኛው ግን ለምን እንደሆነ ያስረዳል።

ተቀናቃኙም ሊታወቅ ይገባዋል። የጋንሱን ሜሎን ከሚያበላሹት ፈንገሶች ዋናው ትሪኮቴሲየም ሮዝየም ይባላል፤ በቁስሉ ላይ ሮዝማ ዱቄት ይነሰንሳል፣ ሥጋውን ያመርረዋል፣ መርዛማ ንጥረ ነገርም ይተዋል። ከእርሱ ጎን አልተርናሪያ፣ ፉሳሪየምና ራይዞፐስ አሉ። ከእነዚህ በተለይ አልተርናሪያ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ቁስልን አይጠብቅም። ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ልጣጩን ዘልቆ ይገባና ያንቀላፋል፤ ፍሬው በስሎ መከላከያው ሲላላ ይነቃል። ይህን ድብቅ ወረራ በዓለም ደረጃ ካጠኑት ሰዎች አንዱ በእስራኤል የቮልካኒ የግብርና ምርምር ማዕከል ያገለገሉት ዶቭ ፕሩስኪ ናቸው፤ ከላንጆው የቢ ያንግ ቡድን ጋር ለብዙ ዓመታት በጋራ ሠርተዋል። ድብቅ ወረራ ካለ፣ ከለቀማ በኋላ የሚደረግ የመድኃኒት መንከር ዘግይቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ልጣጩ ላይ ያለውን ዘር ይገድላል፤ ከልጣጩ ሥር የተኛውን ግን አያገኘውም። እንግዲህ የቅድመ ለቀማ ርጭት ከሁለት አቅጣጫ ይደገፋል፤ ለሚመጣው ቁስል ያዘጋጃል፣ ለገባው ጠላት ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል።

ተክልን እንዲህ ማንቃት ይቻላል የሚለው ዕውቀት ከሜሎን ጋር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሮስ አንድ የትምባሆ ቅጠል በቫይረስ ሲጠቃ ያልተነኩት ቅጠሎችም ለሁለተኛው ጥቃት እንደሚበረቱ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ በእንግሊዝ የሮታምስተድ የምርምር ጣቢያ ሬይመንድ ዋይት ትምባሆ ላይ አስፕሪን ቢሰጥ ያለ አንዳች ጥቃት ተመሳሳይ ብርታት እንደሚገኝ አሳተሙ። ለራስ ምታት የምንውጠው ክኒን ለቅጠልም መልእክት ነበረው። ሳሊሲሊክ አሲድ የተባለው የአስፕሪን እናት ተክሎች ራሳቸው ለማስጠንቀቂያ የሚያመነጩት ነገር መሆኑ ከዚያ በኋላ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ አሲቤንዞላር የተባለውን ሰው ሠራሽ አቻ ቢዮን በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። በቀጥታ ፈንገስ አይገድልም፤ ተክሉን ያነቃል።

በሜሎን ላይ ቀደም ብለው ከወጡት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የአውስትራሊያና የቻይና ተመራማሪዎች ጥናት ነው። አበባ ከመውጣቱ በፊት ተክሉን በአሲቤንዞላር ረጩ፤ ፍሬው ሲለቀም ደግሞ ጉዋዛቲን በተባለ ፀረ ፈንገስ ነከሩት። በካንታሎፑም በሃሚ ሜሎኑም የመጋዘን በሽታ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ውጤቱ የተገኘው ርጭቱ ከመንከር ጋር ተጣምሮ ነው። ይህን ማጣመር ጥናቱን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ጉዋዛቲን ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት የጥቅም ፈቃድ የለውም፤ ወደ አውሮፓ ለሚልክ ሰው ያኛው ግማሽ መፍትሔ ተዘግቷል። ስለዚህ ርጭቱ ብቻውን ምን ያህል ይሠራል የሚለው ጥያቄ የንግድ ጥያቄም ሆነ።

የላንጆዎቹ አስተዋፅኦ የሚለየው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ረጭቶ ከመጠበቅ ይልቅ ፍሬው የሚያድግበትን ዘመን ተከትለው አራት ጊዜ ረጩ፤ ፍሬው ገና ለጋ ሳለ፣ በፍጥነት በሚያብጥበት ጊዜ፣ መረቡ በሚሠራበት ጊዜ፣ በመጨረሻም ሊለቀም ሁለት ቀን ሲቀረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሥራ ይህ ተደጋጋሚ የአሲቤንዞላር ርጭት የድብቅ ወረራን መጠን እንደቀነሰና የፍሬውን መከላከያ እንዳነሣ አመለከቱ። ከዚያ በኋላ በአስፕሪን (በአሴቲል ሳሊሲሊክ አሲድ) እና ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚለቅ ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ በተባለ ውህድ ሞከሩ፤ የኋለኛውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተሙ። አዲሱ ነገር ጥያቄያቸው ነበር። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሆን ብለው አቆሰሉትና የተረጨው ሜሎን ካልተረጨው ይልቅ ቁስሉን ቶሎ ይደፍን እንደሆነ ለኩ። ይደፍናል። ከላይ የጠቀስኳቸው ኢንዛይሞች ሥራ ይበዛል፣ ሊግኒንና ሱበሪኑ ይወፍራል፣ የክብደት ቅነሳውና በሻጋታ መጠቃቱ ይቀንሳል።

ለምን በጋንሱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቻይና ከዓለም የሜሎን ምርት ግማሽ ያህሉን ታመርታለች፤ ጣፋጩ ሜሎን የሚበቅለው ግን ቀኑ የሚያቃጥል፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ፣ ዝናቡ ጥቂት በሆነው በጋንሱና በሺንጂያንግ ነው። በላተኛው ያለው ምሥራቅ ነው። በሺንጂያንግ ካለችው ከሃሚ እስከ ሻንጋይ በመንገድ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ርቀት ላይ የአንድ ሳምንት ተጨማሪ ዕድሜ የገበሬውን ገቢ ይወስናል። የላንጆ ነጭ ሜሎን ታሪክም ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም። የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ሄንሪ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1944 ቻይናን ሲጎበኙ ወደ ላንጆ የሀኒዲው ሜሎን ዘር ይዘው ሄዱ፤ ነጩ ሜሎን የወጣው ከዚያ ዘር ነው። ሰውየው ከምክትል ፕሬዚዳንትነታቸው በፊት የዘር አዳቃይና የግብርና ሚኒስትር ነበሩ፤ ለጉብኝት ስጦታ ዘር መምረጣቸው አያስገርምም። ሜሎኑ ለብዙ ጊዜ በስማቸው ይጠራ ነበር፤ በኋላ ፖለቲካው ሲለወጥ ስሙ ተለወጠ፣ ሜሎኑ ግን ቀረ።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልግባ። የመጀመሪያው ስለ ዕድገት የሚነገረው ነው። የአስፕሪን ርጭት የሜሎኑን ክብደትና ጣፋጭነት ጭምር እንደሚያሻሽል ተጽፏል። ሊሆን ይችላል፤ ሳሊሲሊክ አሲድ በትንሽ መጠን ቅጠሉ ምግብ እንዲያዘጋጅ ይረዳል፣ የቅጠሉንም ጤና ይጠብቃል። ነገር ግን መከላከያ በነፃ አይመጣም። ተክሉ ለሊግኒኑና ለሱበሪኑ የሚያወጣው ካርቦን ለስኳርም ሊውል ይችል የነበረ ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት በሽታ በሌለበት አሲቤንዞላር የተረጨ ስንዴ ካልተረጨው ያነሰ አደገ፤ ጥቂት ፍሬም ሰጠ። ስለዚህ «መከላከያም ይጨምራል፣ ምርትም ይጨምራል» የሚለው አባባል በሽታ ባለበትና በሌለበት ማሳ ለየብቻ መፈተን አለበት። በሽታ በበዛበት ማሳ ዕድገት ቢታይ ትርጉሙ ተክሉ ከበሽታ ዳነ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ማዳበሪያ አያደርገውም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ነው፤ እርሱ ላይ ጥርጣሬ ከሚለው ቃል አልፌ እሄዳለሁ። ይህ ነገር ሆስፒታል ውስጥ የደም ግፊቱ በድንገት ለናረ ሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። ሲበታተን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል፤ ከእርሱ ጋር ሳያናይድም ይለቃል። ሐኪሞች መጠኑን በጥንቃቄ የሚቆጣጠሩት ለዚህ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በፍሬው ፈውስ ውስጥ ምን ሚና እንዳለው ለመረዳት መሣሪያነቱ የታወቀ ነው፤ ጥናቱም በዚያ ረገድ ዋጋ አለው። ሰው በሚበላው ፍሬ ላይ፣ በሚረጨው ገበሬ እጅ፣ ሊለቀም ሁለት ቀን ሲቀረው ይረጭ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የቤተ ሙከራ ቁልፍና የማሳ መድኃኒት ሊለዩ ይገባል፤ የጥናቶቹ መደምደሚያ አንቀጽ «ተስፋ ሰጪ ዘዴ» ሲል ይህን ልዩነት ያደበዝዘዋል።

አስፕሪን በዚህ ሚዛን የተሻለ ቦታ አለው። ርካሽ ነው፣ ጠባዩ ከመቶ ዓመት በላይ ይታወቃል፣ ተክሉ ራሱ የሚሠራው ነገር ዘመድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የአስፕሪን ዘመድ የሆነ ውህድ ያለበትን የአኻያ ዛፍ ልጣጭ ለሰብል ጥበቃ በሚውሉ መሠረታዊ ንጥረ ነገሮች መዝገብ አስገብቷል፤ ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከሸርጣንና ከመሰሎቹ ቅርፊት የሚገኘውን ካይቶሳን አስገብቶ ነበር። እነዚህ ፈቃዶች ለሜሎን ቁስል ተብለው የተሰጡ አይደሉም። ሆኖም በሩ የት በኩል እንደሆነ ያሳያሉ። እኔ የላንጆውን ሥራ የምመራ ብሆን ገንዘቤን በዚህ በር ላይ አጠፋ ነበር።

ሦስተኛውና በጣም ችላ የተባለው ጉዳይ ግን በቴክሳስ የተሠራው ነው። በዌስላኮ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ የነበሩት ጂን ሌስተር ከባልደረቦቻቸው ጋር መከላከያን ስለማንቃት አልጠየቁም፤ ፍሬው ራሱ ከምን ተሠርቷል ብለው ጠየቁ። ካልሲየም የሕዋስን ግድግዳ ያጠነክራል፤ ችግሩ ወደ ፍሬ የሚደርሰው ትንሽ መሆኑ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከሥር ወደ ላይ ከሚወጣው ውኃ ጋር ስለሆነ ውኃ ብዙ ወደሚተንባቸው ቅጠሎች ይሄዳል፤ ፍሬ ትንሽ ውኃ ስለሚያተን ትንሽ ያገኛል። ቅጠል ላይ የገባው ካልሲየም ደግሞ ወደ ፍሬ አይመለስም። ስለዚህ ፍሬው ራሱ ላይ መርጨት ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሌስተርና ባልደረባቸው ግሩሳክ እንዳወጡት፣ ማሳ ላይ በካልሲየም የተረጨ ሀኒዲው ይበልጥ ጠንክሮ ቆየ፤ ካንታሎፕ ግን ምንም አልተለወጠም። ተመሳሳይ ርጭት፣ ተመሳሳይ የአየር ንብረት፣ ሁለት የአንድ ቤተሰብ ፍሬዎች፤ አንዱ ተጠቀመ፣ አንዱ አልተጠቀመም። አንዱ ልስልስ ልጣጭ አለው፣ ሌላው በመረብ ተሸፍኗል። «ሜሎን» ብሎ ስለ ሁሉም መናገር እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም። በላንጆ በመረባማ ዓይነት የተገኘ ውጤት ለስላሳ ልጣጭ ላለው ወይም ለሐብሐብ በቀጥታ አይተላለፍም።

የፖታሺየሙ ሥራ ይበልጥ ተግባራዊ ነው። የደቡብ ቴክሳስ አፈር ኖራማ ነው፤ ፖታሺየም በአፈሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ሥሩ ላይ ይሻሙታል። ፍሬው ስኳር በሚያከማችበት ሰሞን ደግሞ የፖታሺየም ፍላጎቱ ይንራል፤ የሥሩ አቅም ግን ያን ጊዜ ይደክማል። ሌስተርና ባልደረባቸው ጂፎን ፍሬ ከተያዘ በኋላ በየሳምንቱ በቅጠል ላይ ፖታሺየም ሲረጩ ስኳሩ፣ ጥንካሬው፣ ቫይታሚን ሲውና ቤታ ካሮቲኑ ጨመረ። አንድ ዓይነት ጨው ግን ወደ ኋላ ቀረ፤ ፖታሺየም ናይትሬት። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ተክሉን ወደ ቅጠል ስለሚገፋው ይመስላል። ገበሬ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ይሄው መሆኑ ነገሩን አሳዛኝ ያደርገዋል።

ይህ የቴክሳስ ግኝት ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሐብሐብ በሚመረትባቸው መስኖ ማሳዎች ብዙው አፈር ኖራማ ነው። ሙከራውን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ ሰብሉ ሌላ፣ ውኃው ሌላ ነው። ነገር ግን «አፈሩ ፖታሺየም ስላለው ተጨማሪ አያስፈልገውም» የሚለው የቆየ አባባል ኖራማ አፈር ላይ ለጣፋጭ ፍሬ ይሠራ እንደሆነ በመልካሳ ዓይነት የምርምር ማዕከል ለመፈተሽ የሚጠይቀው ጥቂት መደቦችንና አንድ የስኳር መለኪያን ነው።

ዕድሜ ማርዘም ሁልጊዜ ትርፍ እንዳልሆነም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ ቱሉዝ ያሉ ተመራማሪዎች ሻራንቴ በተባለው ሜሎን ላይ ኤቲሊን የሚያመርተውን ኢንዛይም በዘረ መል ምሕንድስና አፈኑት። ፍሬው ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ የማያረጅ ሜሎን ተገኘ። ችግሩ ሽታው ነበር። የሻራንቴ መዓዛ የሚሠራው በአብዛኛው በኤቲሊን ትእዛዝ ስለሆነ ኤቲሊኑ ሲጠፋ መዓዛውም አብሮ ወደቀ። በተለመደው ማዳቀል የተገኙት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ዓይነቶችም በመዓዛ ከቀድሞዎቹ ያነሱ መሆናቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ የላንጆ ርጭት የፍሬውን ክብደት፣ ጥንካሬና ሱበሪን ብቻ ሳይሆን ተቆርጦ ሳህን ላይ ሲቀርብ ምን እንደሚሸት መለካት አለበት። የቁስል ፈውስ መንገድ ከኤቲሊን መንገድ የተለየ ከሆነ እዚህ ተስፋ አለ፤ ልጣጩን የሚያጠነክር እንጂ መብሰልን የሚያግድ መሆን የለበትም።

ከተቃራኒው ወገን አንድ ምሳሌ ማንሣት ይገባኛል፤ ከለቀማ በኋላ የሚደረግ ሆኖ ሳለ በንግድ የተሳካ። በቮልካኒ ማዕከል ኤሊ ፋሊክና ባልደረቦቻቸው ጋሊያ የተባለውን ሜሎን በሚሽከረከር ብሩሽ ላይ እያሽከረከሩ በ59 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ለ15 ሰከንድ ማጠብን ፈለሰፉ። ዘዴው አፈርና የፈንገስ ዘር ያጥባል፤ በልጣጩ ላይ ያለውን ሰም አቅልጦ ጥቃቅን ስንጥቆችን ያሽጋል። ኬሚካል የለውም፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ቅሪት የለውም፤ ማሸጊያ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተተክሎ ለሁሉም ፍሬ ያገለግላል። የቅድመ ለቀማ ርጭት መወዳደር ያለበት ከዚህ ጋር ነው። አራት ዙር ርጭት አራት ጊዜ ጉልበት፣ አራት ጊዜ ውኃ፣ አራት ጊዜ ከዝናብና ከነፋስ ጋር መጣላት ነው። ባለ ማሸጊያ ቤቱ ኩባንያ ሙቅ ውኃውን ይመርጣል። ማሸጊያ ቤት የሌለው፣ ከማሳው ጠርዝ በጭነት መኪና የሚሸጥ ገበሬ ግን ብሩሹን ከየት ያመጣል? ርጭቱ የሚጠቅመው በእርግጥ እርሱን ነው። ጥናቶቹ የሚናገሩለትን ሰው በግልጽ ቢሰይሙ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የተሳሳተ ተስፋም ሳይነቀል መቅረት የለበትም። የተዘጋ ቁስል ንጹሕ ልጣጭ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ከአንድ የኮሎራዶ እርሻ በወጣ ካንታሎፕ በተዛመተ ሊስቴሪያ 147 ሰዎች ታመው 33 ሞተዋል። ባክቴሪያው የቆየው በመረቡ ሸካራ ገጽ ላይ ነበር፤ ወደ ሥጋው የሚገባው ደግሞ ሰው በቢላዋ ሲቆርጠው ነው። አስፕሪንም፣ ካልሲየምም፣ ሱበሪንም ለዚህ መልስ አይሆኑም። መልሱ የማሸጊያ ቤት ንጽሕና፣ ሳይዘገይ ማቀዝቀዝና በቤት ከመቁረጥ በፊት በብሩሽ ማጠብ ነው።

ፍርዴ እንዲህ ነው። ሜሎን ለመቆየት የሚዘጋጀው ሐረጉ ላይ ሳለ ነው የሚለውን የላንጆ ተመራማሪዎች በበቂ ማስረጃ አሳይተዋል፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል። ገበሬ ጋ ለመድረስ ግን ሦስት ነገር ይቀራቸዋል፤ ከራሳቸው ቡድን ውጪ በሌላ አገርና በሌላ ዓይነት ሜሎን የተደገመ የማሳ ሙከራ፣ ሊለቀም ሁለት ቀን ሲቀረው በተረጨ ፍሬ ላይ ያለ የቅሪት ልኬት፣ እንዲሁም ለአራቱ ዙሮች የወጣው ወጪ ከዳነው ፍሬ ዋጋ ጋር የተነጻጸረበት ስሌት። ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ቤተ ሙከራ ይቅር። አስፕሪንና የአኻያ ልጣጭ ይፈተኑ። ካልሲየምና ፖታሺየም ግን እንደ ዓይነቱና እንደ አፈሩ እየተመረጡ ዛሬ ሊጀመሩ ይችላሉ። ከሁሉም በፊት ለቃሚው ዘንጉን በተሳለ መቀስ ይቁረጥ፣ ፍሬውን አይወርውር፣ በሣጥኑም ውስጥ ድርቆሽ ወይም ወረቀት ይጎዝጉዝ፤ ያልተከፈተ ቁስል ፈውስ አያስፈልገውም፣ ወጪውም ከማንኛውም ርጭት ያነሰ ነው።